ሰው የማይደርስበት ባሕር ዳር

ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር፣ ብርነሽን የማያውቅ ሐበሻ አልነበረም። የቤቷ በር ማታ ይዘጋል እንጂ ቀን ተዘግቶ አያውቅም። ከሞያሌ የመጣው፣ ካናዳ የሚሄደው፣ ወረቀቱ ያለቀለት፣ ወረቀቱ የጠፋበት፣ ሁሉም ናይሮቢ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የብርነሽ ቤት በየት ነው?" ብሎ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ፍራሽ ስታነጥፍና ስታነሣ ኖረች። ደከመኝ ብላ አታውቅም፤ ደከመሽ ወይ ብሎ የጠየቃትም የለም።

ባሏ በኃይሉ ኢምባካሲ፣ ከአውሮፕላን ጣቢያው አጠገብ፣ የጭነት መጋዘን ተቆጣጣሪ ነበር። ዝምተኛ ሰው ነው። ቤቱ ውስጥ ዐሥር ሰው ሲንጫጫ እሱ ጥግ ይዞ ጋዜጣውን ይዘረጋል፤ ያነበዋል ወይስ ይደበቅበታል የሚለውን ብርነሽ እንኳ አታውቅም።

የፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አምስት ሊያልቅ ሲል፣ በእኛ ኅዳር ላይ መሆኑ ነው፣ በኃይሉ መጋዘኑ ውስጥ እንደቆመ ደረቱን ያዘና ወደቀ። ልብ ነው ተባለ። ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኛ። ሲወጣ ሐኪሙ፣ ጢሙ የነጣ ህንድ ነው፣ ብርነሽን ለብቻዋ ጠራት።

"ማማ፣ መድኃኒቱ ግማሽ ነው። ግማሹ እንቅልፍ ነው። ይህ ሰው ካልተኛ ሁለተኛውን አይችለውም። ቤታችሁ ጸጥ ያለ ነው?"

ብርነሽ ወለል ወለሉን አየች። አዎ እንዳትል ውሸት ነው፤ አይደለም ማለትም አሳፈራት።

"ታምሜ ጠይቃችሁኛል" ይላል ቃሉ፤ ሐበሻ ደግሞ ሌላውን ቃል ሁሉ ቢረሳ ይህችን አይረሳም። በኃይሉ ቤቱ የገባ ዕለት ሠላሳ ሰው መጣ። በማግስቱ ያልሰማው ሰምቶ መጣ። በሦስተኛው ቀን መጀመሪያ የመጡት "እንዴት አደረ?" ሊሉ ተመልሰው መጡ። ብርቱካኑ ከማድቤት ተርፎ መታጠቢያ ቤት ገባ። የማንጎ ጭማቂው ካርቶን ከአልጋው ራስጌ እስከ መስኮት ተደረደረ። የመጣውን ደግሞ ሻይ ሳያቀምሱ መሸኘት ነውር ነው፤ ስለዚህ ብርነሽ ቆማ ታፈላለች፣ ሐሴት፣ ናይሮቢ የተወለደችው ልጃቸው፣ ስኒ ታጥባለች፣ በኃይሉ ደግሞ ትራስ ተደግፎ "ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን" ሲል ይውላል።

ከሁሉ የባሰችው ማንጠግቦሽ ነበረች። የሴቶቹ ማኅበር ሰብሳቢ ናት፤ ኢስሊ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላት። ሃያ ዓመት ሙሉ በመንገዱ ጫጫታ ላይ ደንበኛ ስትጠራ ኖራ ድምፅዋ ዝቅ ማለትን ረስቷል። አንጀቷ ግን ቅቤ ነው። በኃይሉን ስታይ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

"አይዞህ ወንድሜ! የአክስቴ ልጅም ልክ እንዳንተ ነበር የጀመራት፤ ደረቷን ያዛት፣ ወደቀች፣ ሆስፒታል ገባች፣ ወጣች..."

"ዳነች?" አላት በኃይሉ።

"እሷማ ሞተች። አንተ ግን ወንድ ነህ፣ ትችላለህ።"

ብርነሽ በሩን ብትቆልፍ የማድቤቱን መስኮት ያንኳኳሉ። አንድ ቀን ሐሴትን "በሽተኛው ተኝቷል" ብላ አስጽፋ በሩ ላይ ለጠፈች። የሚመጣው ሁሉ ወረቀቱን አነበበ፣ ከንፈሩን መጠጠ፣ ገባ፣ የመኝታ ቤቱን በር ገርበብ አደረገና "ጋሽ በኃይሉ፣ እውነት ተኝተሃል እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። ያን ሳምንት በኃይሉ በቀን ሁለት ሰዓት እንኳ አልተኛም። ከዓይኑ ሥር ጠቆረ። ብርነሽ ሌሊቱን ትንፋሹን ስትቆጥር ታነጋለች፤ ሰው ግን በጠዋት ይመጣል።

ያኔ ነው አሰብ የታወሰቻት። ብርነሽ ያደገችው አሰብ ነው፤ አባቷ ጨው ላይ ይሠሩ ነበር። ሙቀቱ አያድርስ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ዐሥር ሰዓት ከተማው ይሞታል፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ውሻው ጥላ ይፈልጋል፣ እናቷ ወለሉ ላይ ውሃ ረጭታ ሰሌን ትዘረጋና "እስቲ አንድ ሰው ትንፍሽ ይበል!" ትላለች። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ባሕሩ ብቻ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይመጣል። ብርነሽ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ተኝታ አታውቅም። አሰብስ አሁን የት ተገኝታ። ባሕር ግን በኬንያም አለ፤ አንድ ቀን መንገድ ነው።

"ጸጥ ያለ ባሕር ዳር እፈልጋለሁ" አለች ለራሷ። ይህን ማለቷ ነው ያጠፋት።

መጀመሪያ ሐሴትን ይዛ ኢንተርኔት ቤት ሄደች። ልጅቱ ኮምፒዩተሩ ላይ ቀጠቀጠችና "ማሚ፣ ዊንተርን የሚሸሹ ፈረንጆች የሚሄዱባቸው፣ ሰው የማይበዛባቸው ዐሥር ቢቾች ይላል" አለቻት።

"አንደኛው የት ነው?"

"ደሴት ነው። ሁለት አውሮፕላን፣ ከዚያ ጀልባ። ሶ ቢዩቲፉል! ፎቶውን እዪ፣ አንድም ሰው የለም።"

"ሰው ከሌለ ፎቶውን ማን አነሣው?" አለች ብርነሽ ተናዳ። "በይ ተነሽ። ልቡ የታመመ ሰው ሁለት አውሮፕላንና ጀልባ!"

ቀጥላ ሞምባሳ አካባቢ ያሉ የእንግዳ ማረፊያዎችን በስልክ ታስስ ጀመር። ታኅሣሥ ነው፤ የፈረንጅ ገና ሊደርስ ነው፤ የናይሮቢ ሰው ሁሉ ልጁንና ድስቱን ጭኖ ወደ ባሕር የሚወርድበት ጊዜ። አንዱ ጋ ደወለችና "ጸጥ ያለ ነው ወይ?" አለችው በስዋሂሊ።

"ኪምያ ካቢሳ፣ ማማ! ጸጥ ረጭ ነው፤ ዝር የሚል የለም!" አላት ሰውዬው እየጮኸ። የሚጮኸው ከኋላው ያለው ከበሮ አላሰማ ብሎት ነው።

ወዳጆቿን መጠየቁማ ከሁሉ ከፋ። "ባሕር ዳር ብሄድ የት ይሻለኛል?" ስትል ሁሉም ፊቱ ይበራል። "ማሊንዲ ሂጂ! እህቴ እዚያ ናት፣ ሐበሻ ሞልቷል፣ አይሰለችሽም!" "ሞምባሳ ይሻልሻል፤ ምግብ ቤት ከፍተዋል፣ ከሰው አትለዪም!" የቦታ ደግነት የሚለካው ሐበሻ በመብዛቱ ነው። ሐበሻ የሌለበትን እፈልጋለሁ ብትል ምን ሊሏት ነው? አበደች ነው። ጭራሽ ማንጠግቦሽ ጉዳዩን ሰምታ ቤት ድረስ መጣች።

"ባሕር ልትወስጂው ነው አሉ? መልካም! ማኅበሩ ሰባት ሰው መድቧል፤ ተራ ገብተን እናስታምመዋለን። ብቻሽን አንተውሽም!"

"እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ትቼዋለሁ፤ አልሄድም" አለች ብርነሽ። ውሸት የጀመረው ከዚህ ነው።

በመጨረሻ ቦታውን የነገራት ዘካርያስ ነው። ዘካርያስ ጊጊሪ ከኤምባሲዎቹ በር ላይ ታክሲ የሚያቆም፣ ጨዋ፣ መዝሙር የማይለየው የጴንጤ ልጅ ነው። ፈረንጆቹ ከኋላ ተቀምጠው የሚያወሩትን ሲሰማ ኖሮ አገሩን በጆሮው ያውቀዋል።

"ማዘር፣ ሁለት ነገር ስሚኝ" አላት። "አንደኛ፣ ከቦታው ይልቅ ቀኑን ምረጪ። ከፈረንጅ አዲስ ዓመት ማግስት ሕዝቡ ጠቅልሎ ይመለሳል፤ ልጆች ትምህርት ቤት አለባቸው። ሁለተኛ፣ ትልልቁን ሆቴል ተዪው። ከሞምባሳ ወደ ኪሊፊ ስትሄጂ ታካውንጉ የምትባል መንደር አለች። መስጊድ፣ ጥቂት ቤት፣ ዓሣ አጥማጅ፣ በቃ። መርየም የምትባል አሮጊት ሁለት ክፍል ታከራያለች። አንድ የስዊድን ሰውዬ መጽሐፍ ሊጽፍ ሄዶ፣ ዝምታው አስፈርቶት በሦስተኛው ቀን ተመለሰ።"

ብርነሽ ልትስመው ቃጣት። "ዘካርያስ ልጄ፣ ለማንም እንዳትናገር። በጌታ!"

"እኔ ሄጄ አልናገርም፣ ማዘር" አላት።

እሷ ይህ በቃት። ብትጠየቅ ኖሮ ለማኅበሩ ሁሉ የምትመሰክርለት ነገር ነበር፦ ዘካርያስ አይዋሽም። የማይዋሽ ሰው ምስጢር ጠባቂ እንደማይሆን ግን በዚያች ሰዓት ትዝ አላላትም። ለሰዉ "በኃይሉ ለምርመራ ሆስፒታል ተመልሶ ይተኛል" ብላ አስወራች፤ ስልኳን አጠፋች፤ ታኅሣሥ ሃያ አራት፣ ሰኞ ማለዳ፣ ባሏንና ልጇን በዘካርያስ ኮሮላ አሳፍራ በሞምባሳ መንገድ ወረደች።

ታካውንጉ ዘካርያስ እንዳላት ነበረች። የመርየም ቤት በኮኮናት ቅጠል የተከደነ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ከማንጎ ዛፍ ሥር ነው። በሩ ላይ ሲቆሙ ከታች ነጭ አሸዋ፣ ከዚያ ባሕር። ሰው የለም። ዘካርያስ ዕቃውን አውርዶ በማግስቱ ተመለሰ። መርየም የገናን ጾም መያዛቸውን ስትሰማ "ገባኝ፣ እኛም እንጾማለን" ብላ ባቄላ በኮኮናት ሠራችላቸው።

በኃይሉ ግን አልተኛም። የመጀመሪያውን ሌሊት ተገላበጠ። ሁለተኛውንም። "ዝም ሲል ልቤን እሰማዋለሁ" አለ፤ "እሱን ሳዳምጥ ያነጋል።" ብርነሽ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ ባሕሩን ረገመችው። ይሄን ሁሉ መንገድ፣ ይሄን ሁሉ ውሸት! በሦስተኛው ቀን ትንሽ አሸለበው። በአራተኛው ቀን፣ የመድኃኔዓለም ዕለት፣ ከቁርስ በኋላ ጋደም አለና፣ እጁ ከአልጋው ወርዶ፣ አፉ ተከፍቶ፣ ድብን ያለ እንቅልፍ ወሰደው። ብርነሽ እጁን ልታነሣለት ፈራች። ጫማዋን አውልቃ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ሐሴት ውሃ ዳር ሄዳለች። አንድ ሰዓት ሞላ። ተኝቷል።

ያኔ ከማንጎው በኩል የመኪና ድምፅ መጣ።

ሚኒባስ ነው። ጎኑ ላይ "ኢየሱስ ያድናል" የሚል ተጽፎበታል። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ነጭ ነጠላ ወረደ፣ ከዚያ ማንጠግቦሽ፤ ነጠላዋን እንደ ኀዘን ዘቅዝቃለች። ከኋላዋ አንድ፣ ሁለት... ከእሷ ጋር ዐሥራ አራት ሰው። ሁለት ጆንያ ብርቱካን። ከሹፌሩ ወንበር ላይ ዘካርያስ አንገቱን ደፍቶ መሪውን ያያል።

ብርነሽ ባዶ እግሯን በአሸዋው ላይ ሮጠች። "ኡሽሽ! ኡሽሽ!"

ማንጠግቦሽ አየቻትና ደረቷን መታች። "ወይኔ እህቴ! ብቻሽን! ብቻሽን ቀበርሽው?!"

"ማንን?"

"በኃይሉን ነዋ! ሆስፒታል ብርቱካን ይዘን ሄድን፣ እንዲህ የሚባል በሽተኛ የለም አሉን። ስልክሽ ዝግ። ቤትሽ ዝግ፤ የአንቺ ቤት ዝግ! በቃ አልን፤ ሞቷል፣ እሷም መርዶውን ደብቃ ብቻዋን እያለቀሰች ነው አልን።"

"እኔ ደህና ናቸው ብዬ ነበር" አለ ዘካርያስ ከመኪናው ውስጥ።

"አንተ ዝም በል!" አለችው ብርነሽ። "አልናገርም አላልከኝም?"

"ሄጄ አልተናገርኩም። እነሱ መጥተው 'የት ወሰድካቸው?' አሉኝ። ልዋሽ ነው እንዴ፣ ማዘር?"

ብርነሽ ወደ ማንጠግቦሽ ዞረች። "አልሞተም" አለች በሹክሹክታ። "ተኝቷል። ዛሬ ገና ተኛ። እባካችሁ ተመለሱ።"

"ተኝቷል?" ማንጠግቦሽ ሴቶቹን ዞራ አየች። "ተኝቷል" ማለት በለቅሶ ቤት ሌላ ትርጉም እንዳለው ሁሉም ያውቃል። አንዷ ማልቀስ ጀመረች። "በዓይኔ ካላየሁት አልሄድም! ሰው ታሞ ሳይጠየቅ፣ ሞቶ ሳይለቀስለት፣ እኛ ምን ሰዎች ነን?"

ወደ በሩ አመራች። ብርነሽ ቀድማት ደርሳ ሁለት እጇን ዘርግታ መቃኑን ያዘች። ሃያ ዓመት የቤቷን በር ለሰው ሁሉ የከፈተች ሴት ናት። ከየት እንደመጣ የማታውቀው ነገር ከደረቷ ወጣ፤ ጩኸት አይደለም፤ ከጩኸት የባሰ፣ ዝቅ ያለ ድምፅ ነው።

"በሽታው አይደለም የሚገድለው። የእናንተ ጥየቃ ነው የሚገድለው።"

ማንጠግቦሽ በጥፊ የተመታች መሰለች። እንዲህ ያለ ቃል በማኅበሩ ታሪክ ተሰምቶ አያውቅም። ብርነሽም ከተናገረችው በኋላ እጇን ከመቃኑ አላነሣችም።

ወደፊት የወጡት ጋሼ ሐብተማርያም፣ የእድሩ ዳኛ፣ በዕድሜ የሁሉም ታላቅ የሆኑት ናቸው። ከዘራቸውን አሸዋው ላይ ተከሉ።

"ልጅቱ የምትለው ይሰማ" አሉ ቀስ ብለው። "እኛ የመጣነው ሰውዬው በሕይወት መኖሩን ልናይ ነው። እዚያ ጋ መስኮት አለ። ጫማ ይውለቅ። አንድ ባንድ ይታይ። ትንፍሽ ያለ ቅጣት አለበት።"

ዐሥራ አራቱም ጫማቸውን አወለቁ። ተሰለፉ። አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ እጁን ጭኖ፣ በእግር ጣቱ እየረገጠ፣ በማንጎው ጥላ ዞሮ መስኮቱ ላይ ይደርሳል፤ ያያል፤ ያማትባል፤ ያልፋል። የሚጠብቁት ደግሞ ጥላው ሥር ተቀምጠው መርየም ያቀረበችላቸውን ባቄላ ከበቡ። ቅምሻ ላይ ጭቅጭቅ ተነሣ፤ በሹክሹክታ።

"የኮኮናት ወተት ነው አለች። ወተት ደግሞ ያስገድፋል።"

"ኮኮናት ላም ነው እንዴ?"

"ሊቃውንት ሳይጠየቁ አንበላም!"

"ኡሽሽ!" ይላሉ ጋሼ ሐብተማርያም፤ ከሁሉም የሚሰማው የእሳቸው ኡሽሽታ ነው። ብርነሽ ከበሩ ላይ ሆና ጥርሷን ነክሳ ትቆጥራለች፤ ዘጠኝ፣ ዐሥር፣ ዐሥራ አንድ። አንድ ጎልማሳ ሊያስነጥሰው ሲል ሦስት ሴቶች ነጠላቸውን አፍንጫው ላይ ጭነው ሊገድሉት ደረሱ።

ማንጠግቦሽ የመጨረሻዋ ነበረች። መስኮቱ ላይ ቆመች። ከሌሎቹ ይልቅ ቆየች። ከዚያ የተዘቀዘቀውን ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰችና ወደ ብርነሽ መጣች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ብርነሽ በሕይወቷ ሰምታው በማታውቀው ቀጭን ድምፅ፣

"ያንኮራፋል" አለቻት።

ሴቶቹ ሰሙ። እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ትዝ አላቸውና በሁለት እጃቸው አፋቸውን አፈኑ። ዐሥራ አራት ሰው ያለ ድምፅ እየዘለለ ተሳሳመ። ሐሴት ከውሃው ስትመለስ ይህን አይታ "ማሚ፣ ምን ሆነዋል?" ብላ ፈዝዛ ቀረች።

ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ሄዱ። ሻይ አልጠጡም፤ ብርነሽም አላቀረበችም። መኪናውን እንኳ አስነሥተው አልሄዱም፤ ወንዶቹ እስከ ዋናው መንገድ ገፉት። ከመሄዳቸው በፊት ማንጠግቦሽ "ስልክሽን ክፈቺ፤ አለበለዚያ ነገም እንመጣለን" ብላ አስምላታለች። ብርነሽ ስለተናገረችው ቃል ግን ምንም አላለቻትም። ብርነሽም ይቅርታ አልጠየቀች። ልትጠይቅ ፈልጋ ነበር፤ ግን እውነት ነበር የተናገረችው።

በኃይሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኛ። እስከ ዐሥር ተኛ። ፀሐይዋ ወደ ማንጎው ጀርባ ዘወር ስትል ፊቱ ላይ ከኅዳር ጀምሮ የጠፋው ቀለም መመለሱን አየች። ብርነሽ ከአልጋው ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ራሷን ፍራሹ ላይ ልታሳርፍ ስትል፣ ስልኩ ጮኸ።

ነጥቃው ወጣች። እየጮኸ በአሸዋው ላይ ሮጠች፤ መዝጊያው የትኛው እንደሆነ ጠፋባት፤ ውሃው እስከ ጉልበቷ ሲደርስ ነው አንሥታ ጆሮዋ ላይ ያደረገችው። ቀሚሷ ሁሉ ረጥቧል።

"ሃሎ፣ ተነሣ?" አለች ማንጠግቦሽ ከመንገድ ላይ፤ ድምፅዋ ተመልሶላታል።

"አልተነሣም።"

"እሰይ! እንዳይነሣ ብዬ ነው የደወልኩት። ግን ስሚኝ፣ አሁን ትዝ ያለኝ፣ የአጎቴ ሚስት እህት ብዙ ተኝታ ብዙ ተኝታ..."

ብርነሽ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው። ክንዷን ዘርግታ ወደ ባሕሩ ያዘችው። ማዕበሉ መጥቶ ወገቧን መታ፤ ተመለሰ፤ ደግሞ መጣ። ስትመልሰው ማንጠግቦሽ ገና እያወራች ነበር፤ ከዚያ ድንገት ቆመች።

"ምንድን ነው እንዲህ የሚጮኸው?"

"ባሕሩ ነው፣ እትዬ ማንጠግቦሽ።"

"እና ዝም አያሰኙትም እንዴ? ሰው ተኝቶ!"